ለመንገዱ ጀርባውን የሰጠ ቤት

እናቴ ዓይኗ የጠፋው ባንድ ጊዜ አይደለም። እኔ ልጅ ሳለሁ የዓይን ማዝ ይዟት፣ ጎረቤታችን ደጅ ላይ ተቀምጣ ሽፋሽፍቷን በወረንጦ ስታስነቅል አስታውሳለሁ። እኔ ወደ ሸዋሮቢት በተዳርኩበት ዓመት ሰው የምትለየው በድምፁ ብቻ ነበር። ቢሆንም እጇን ይዞ የሚመራት ሰው አያስፈልጋትም። ከሮቢ ወንዝ ወዲያ ማዶ፣ በማሽላ ማሳ መካከል የነበረውን ቤታችንን ጥጋ ጥጉን ታውቀዋለች። በሩ ወደ ምሥራቅ የሚከፈት ነበር። ጠዋት ተነሥታ ደፉ ላይ ትቆምና ፀሐይ ግንባሯን እስክትነካት ትጠብቃለች። ከነካቻት በኋላ የውሃው ጉድጓድ በቀኝ፣ የፍየሎቹ በረት በግራ፣ የጎረቤት አጥር ፊት ለፊት መሆኑን ታውቃለች፤ ዱላ እንኳ ሳትይዝ ትሄዳለች። ሲመሽ ደግሞ ጀርባዋ ላይ ያለው ሙቀት ሲበርድ ወደ ቤት ትመለሳለች።

አባቴ ብዙ የሚናገር ሰው አልነበረም። ማሽላና ማሾ ያርሳል፣ ጥቂት ፍየሎች ነበሩት፣ ሶላቱን በሰዓቱ ይሰግዳል። እሷ ዓይኗን ካጣች ወዲህ ግን ቤቱ ውስጥ አንዲት ዕቃ ቦታዋን እንዳትለቅ ይጠነቀቅ ነበር። እንግዳ መጥቶ በርጩማ ከቦታው ካነሣ፣ እንግዳው እስኪሄድ ጠብቆ በርጩማውን ወደነበረበት ይመልሳል። እንግዳውን አይናገረውም፤ ለእሷም አይነግራትም።

በዚያ ዘመን ትእዛዝ የሌለው ነገር አልነበረም። እህል የሚሸጥበት ቦታና ዋጋ፣ ስብሰባ የሚገባበት ሰዓት፣ ሠርግ የሚደገስበት ልክ፣ ሁሉም ከላይ ይመጣል። እኔ ከሸዋሮቢት ተነሥቼ ወላጆቼን ለማየት ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት ማውጣት ነበረብኝ፤ መንገዱ ላይ ባለው ኬላ ጥበቃው ወረቀቱን አይቶ፣ የያዝኩትን ቅርጫት በርብሮ ነው የሚያሳልፈኝ። ሰው ለመደው። አባቴም ለምዶት ነበር። ኮታ ሲባል ኮታውን ይሰጣል፤ ስብሰባ ሲባል ይሄዳል፣ ከኋላ ተቀምጦ በመፋቂያው ጥርሱን እየፋቀ ያዳምጥና ሲጨርሱ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ከማንም ጋር ተጣልቶ አያውቅም።

የመንደር ምሥረታው ትእዛዝ ሲመጣ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር የጡት ወንድሜ ነበር። እናቱ በአራስነቷ ስትሞት እናቴ ወሰደችው፤ ታላቅ ወንድሜን አንዱን ጡት፣ እሱን ሌላውን እያጠባች አሳደገችው። ታላቅ ወንድሜን ወባ ሲወስደው ለእናቴ የቀረላት ወንድ ልጅ እሱ ብቻ ሆነ። እርሻ ያስተማረው አባቴ ነው። ሊቀመንበር ሆኖ ሲመረጥ እናቴ ደስ ብሏት ዱዓ አድርጋለታለች።

ስብሰባው የተጠራው ከወንዙ አጠገብ ባለው ሾላ ሥር ነበር። ልጠይቃቸው መጥቼ ነበርና ከሴቶቹ ጋር ተቀምጬ ሰማሁ። ከአውራጃ የተላከው ካድሬ ከጣርማ በር ወዲያ የመጣ የደጋ ልጅ ነው፤ የኛ ሙቀት ስለማይስማማው መሐረቡን ከአንገቱ ላይ አያነሣም። ተበታትኖ የሚኖር ሕዝብ ትምህርት ቤትም ክሊኒክም የቧንቧ ውሃም ሊያገኝ አይችልም፣ ስለዚህ ሁሉም ቤቱን አፍርሶ በተለካው ቦታ ላይ ይሠራል አለ። ሲናገር ከልቡ ነበር፤ ያንን ዛሬም አልክድበትም። ቤቶቹ በመስመር እንደሚሆኑ፣ በሮቹም ሁሉ ወደ መንገዱ እንደሚከፈቱ አስረዳ።

አባቴ እጁን አወጣ። በስብሰባ እጁን ሲያወጣ ማንም አይቶት ስለማያውቅ ሰው ሁሉ ዞሮ ተመለከተው።

«ቤቱን አፍርሱ ካላችሁ እናፈርሳለን» አለ። «ባለቤቴ ግን ዓይኗ አያይም። የሷ ዓይን ቤቱ ነው። አዲሱ ቦታ ላይ በሩን እንደ ድሮው ወደ ምሥራቅ ላድርግላት።»

ካድሬው ችግሩ እንደሚገባው፣ ግን ለአንድ ሰው ከተፈቀደ ለሁሉም መፍቀድ እንደሚመጣ ነገረው።

«ለሁሉም ብትፈቅዱ ምን ይጎዳል?» አለ አባቴ።

ከኋላ አንድ ሰው ሳቁን በሳል ሸፈነ። ካድሬው ወደ ጡት ወንድሜ ተመለከተ፤ የጡት ወንድሜ መሬት መሬቱን ያይ ነበር። ከዚያ ሌላ ጉዳይ ተነሣ። 

ማሽላው ታጭዶ እንዳለቀ ማፍረስ ተጀመረ። ወንዶቹ የጎጆውን ክዳን እንዳለ ከግድግዳው አንሥተው በትከሻቸው ይሸከሙታል፤ ከሩቅ ሲታይ ክዳኑ ራሱ እግር አውጥቶ በማሳው ላይ የሚሄድ ይመስላል። የኛ ተራ የደረሰ ዕለት እናቴ ግድግዳውን በመዳፏ እየዳሰሰች አንድ ጊዜ ዞረችው። ታለቅሳለች ብዬ ፈርቼ ነበር፤ አላለቀሰችም። ጉድጓዱ መከደኑን ጠየቀችኝ። የሰው ከብት እንዳይገባበት አባቴ በግንድ ከድኖታል ብላትም አላመነችኝም፤ ሄዳ በእጇ ዳሰሰችው። ከዚያ የነጠላዬን ጫፍ ያዘችና ተነሣን። ሰው እየመራት ስትሄድ ያየሁት ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነበር።

አዲሱ ቦታ ዛፉ ሁሉ ተመንጥሮ ፀሐይ ብቻ የቀረበት ሜዳ ነበር። በችካልና በገመድ ተለክቶ መንገዱ ከሰሜን ወደ ደቡብ ተሰምሯል፤ በግራና በቀኙ እኩል ስፋት ያላቸው ቦታዎች ተከፍለዋል። ለኛ የደረሰን ከመንገዱ በስተምሥራቅ ካሉት አንዱ ነው። ስለዚህ በትእዛዙ መሠረት በራችን ወደ ምዕራብ መሆን ነበረበት።

አባቴ ግድግዳውን ማዋቀር ሲጀምር ከማንም ጋር አልተማከረም። ማገሩን በመንገዱ በኩል ዝም ብሎ አያይዞ ዘጋው፤ ክፍቱን ቦታ በጓሮ በኩል፣ ወደ ምሥራቅ ተወው። ሊያግዙት የመጡት ጎረቤቶች አዩ። አንድም ሰው አልጠየቀውም፤ አንድ ሽማግሌ ብቻ ወደ ጓሮ ዞሮ ክፍቱን አየና ተመልሶ መጥቶ ልጡን ያቀብለው ጀመር። ቤቱ ተመርጎ ሲያልቅ መንገድ ለመንገድ ለሚያልፍ ሰው የሚታየው ባዶ ግድግዳ ነበር። በመጀመሪያው ጠዋት እናቴ የሱብሂን ሶላት ሰግዳ በሩ ላይ ቆመች። ፀሐይ እስክትወጣ እኔም አጠገቧ ቆምኩ።

«አገኘኋት» አለችኝ፤ ፊቷን ወደ ብርሃኑ እንዳቀናች።

በዚያው ሳምንት ካድሬው ሊጎበኝ መጣ። የጡት ወንድሜና ሁለት የአብዮት ጥበቃዎች አብረውት ነበሩ። ከቤታችን ፊት ቆሞ በሩ የት እንዳለ ጠየቀ።

«ከኋላ ነው» አለው አባቴ።

«አባት፣ ለመንገዱ ጀርባዎን ሰጡት እኮ።»

«መንገዱ አይቀየመኝም።»

ካድሬው ነገሩ የበር ጉዳይ እንዳልሆነ፣ ዛሬ በሩን ያዞረ ነገ ሌላ ነገር እንደሚያዞር፣ ሕዝቡም ይህን አይቶ ሥርዓት እንደሚለቅ ተናገረ። ድምፁን አላነሣም። አባቴም አላነሣም። ሌላ የሚያዞረው ነገር እንደሌለው፣ ይህችን በር ብቻ እንዲተዉለት ለመነ። የጡት ወንድሜ እንዲያስተካክል ታዘዘና ሄዱ።

ከሰዓት በኋላ የጡት ወንድሜ ብቻውን ተመልሶ መጣ። ቤት አልገባም፤ ግድግዳው ጥላ ሥር ከአባቴ ጋር ቁጢጥ ብለው ተቀመጡ።

«አባ፣ ይመልሱት። እኔ ራሴ እሠራልዎታለሁ። ተጠያቂው እኔ ነኝ፣ አያውቁትም እንዴ?»

«አውቃለሁ፣ ልጄ። አንተም ዓይኗን ታውቃለህ።»

 በማግሥቱ ጥበቃዎቹ መጥተው የምሥራቁን በር በእንጨትና በጭቃ ደፈኑት፤ በመንገዱ በኩል ያለውን ግድግዳ በመጥረቢያ ከፍተው በር አወጡ። እናቴን ውጭ አስቀምጠናት ስለነበር ድምፁን ሁሉ ሰማች። ወደ ቤት ስናስገባት ምድጃዋን አገኘችው፤ አልጋዋንም አገኘችው። ጠዋት ግን ተነሥታ ወደ ለመደችው በር ስትሄድ እርጥብ ጭቃ ላይ እጇ አረፈ። ከዚያ ወዲያ በመንገዱ በኩል ወጥታ ትቆማለች፤ ፀሐይ ከጀርባዋ ትሆንባታለች፤ ግራና ቀኙ ይምታታባትና ትመለሳለች። ከሰዓት በኋላ ደግሞ የምዕራቡ ፀሐይ በበሩ ገብቶ ቤቱን እንደ ምድጃ ያግለዋል።

የይለፍ ወረቀቴ ቀኑ በማለቁ ወደ ሸዋሮቢት መመለስ ነበረብኝ። ስሰናበታቸው አባቴ የተደፈነውን በር እያየ ነበር። ምን እንዳሰበ አውቄዋለሁ። እኔ ከሄድኩ በኋላ ጭቃውን አፍርሶ ከፈተው። መልሰው ደፈኑት። እንደገና ከፈተው። በዚህኛው ጊዜ በሩን ደፍነው እሱን የእህል መጋዘኑ ውስጥ አሰሩት።

ይህን የሰማሁት ሎሚ ልትሸጥ ሸዋሮቢት ገበያ ከመጣች ጎረቤታችን ነው። አባቴ መታሰሩን ብቻ አልነበረም የነገረችኝ፤ እናቴ ጠፍታ መዋሏንና ወድቃ መገኘቷንም ነው። ጎረቤታችን ተጣድፋ ቅርጫቷን እኔ ዘንድ ጥላ ልትመለስ ስትል፣ እኔ ወደ ቀበሌ ሮጥኩ። ቢሮው ተዘግቷል። ለበዓል ሰልፍ ልምምድ ሁሉም ሜዳ ወጥተዋል አሉኝ። ሜዳው ድረስ ሄጄ ጸሐፊውን አገኘሁትና እናቴ መውደቋን ነገርኩት፤ ማኅተሙ ያለው ሊቀመንበሩ ዘንድ ስለሆነ ነገ ጠዋት ነይ አለኝ። ያለ ወረቀት ኬላውን ማለፍ አይቻልም። አንዲት ማኅተም እየጠበቅሁ፣ ለመሄድ ታጥቄ እንደተነሣሁ ነጋልኝ።

ጠዋት ማኅተሙ ተመትቶልኝ ስደርስ እናቴን ጎረቤቶች አስተኝተዋት ነበር። ዳሌዋ ተሰብሯል፤ እግሯ በእሾህ ተበሳስቷል። ወጌሻ መጥቶ አይቷት፣ በዚህ ዕድሜ ይህ አጥንት አይገጥምም ብሎ ሄዷል። እጇን ስይዘው አወቀችኝ። ምን ሆነሽ ነው ብዬ አልጠየቅኋትም፤ ራሷ ነገረችኝ።

«ለአባትሽ ቂጣ ይዤ ነው የወጣሁት። መጋዘኑ ከሰፈሩ ጫፍ ነው ብለውኛል። ሰው ሁሉ የጋራ እርሻ ሄዷል። ፀሐይዋ አናቴ ላይ ነበረች፤ ወዴትም አትመራ። ልመለስ አልኩ። ግድግዳ ዳሰስኩ፣ የኛ ነው አልኩ፤ በሩ በቦታው አለ፣ ገባሁ። ምድጃውን አጣሁት። የሰው ቤት ነው። ወጣሁ። የሚቀጥለውም እንደዚያው። በሩ አንድ ነው፣ ግድግዳው አንድ ነው፤ ሁሉም የኛን ቤት ይመስላል፣ አንዱም የኛ አይደለም። ብጣራ ሰው የለም። ከዚያ ግድግዳም አጣሁ።»

ግድግዳ ያጣችው የሰፈሩን የመጨረሻ ቤት አልፋ ነው። ባዶው ሜዳ ላይ ሄዳ ሄዳ ከአንድ ደረቅ ሸለቆ ውስጥ ወደቀች። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከእርሻ የሚመለሱ ሴቶች ድምፅዋን ሰምተው አገኟት። ቂጣውን በጨርቁ እንደጠቀለለች ደረቷ ላይ ይዛው ነበር።

እኔ እዚያው ተቀምጬ ሳለሁ የጡት ወንድሜ መጣ። ጫማውን አውልቆ ከአልጋዋ ሥር መሬት ላይ ተቀመጠ።  እሷ በአረማመዱ አውቃዋለች። እጇን ዘርግታ ራሱንና የግንባሩን ጠባሳ ዳበሰችው።

«በልተሃል?» አለችው።

እንደ ሕፃን አለቀሰ። ያ ሰው ጠብመንጃ ይዞ ሲሄድ ሰፈሩ ሁሉ ይፈራው ነበር፤ ፊቱን በአልጋው ጠርዝ ላይ ደፍቶ ሲንሰቀሰቅ ግን የትከሻው መንቀጥቀጥ አልጋውን ያናውጠው ነበር። እናቴ ራሱን ትዳብሰዋለች። ሲያባራለት ተነሥቶ ወጣ።

አውራጃውን አልጠየቀም፤ ካድሬውንም አልጠበቀም። በቀጥታ ወደ መጋዘኑ ሄዶ ቁልፉን ከጥበቃው ወሰደና አባቴን አወጣው። ቤት ድረስ አብረው መጡ። አባቴ ወደ እናቴ ሲገባ፣ የጡት ወንድሜ መጥረቢያ ተውሶ ወደ ጓሮ ዞረ። የተደፈነውን በር ሲያፈርሰው ሰው ሁሉ ቆሞ ያየው ነበር። ጭቃውን በእጁ አስወገደ፤ ደፉን አስተካከለ። በመንገዱ በኩል የተከፈተውንም ራሱ በማገር አያይዞ መረገው። ከዚያ ዕለት ጀምሮ በየጠዋቱ የእናቴን አልጋ ወደ በሩ ጠጋ እናደርግላታለን። መቆም ባትችልም ፀሐይ ፊቷን ትነካታለች።

ካድሬው ከሳምንት በኋላ መጣ። በሩን አየ፤ እናቴንም አልጋው ላይ አያት። ወጣ፤ ዳግመኛም ወደ ቤታችን አልመጣም። ብዙም ሳይቆይ ስብሰባ ተጠርቶ የጡት ወንድሜ ከሊቀመንበርነት ወረደ። ከዚያም ለጦሩ ምልምል ሲጠየቅ መጀመሪያ የተጠራው እሱ ነበር። ዕድሜው አልፏል ብለው ሽማግሌዎች ቢለምኑም የሰማቸው የለም። የጫናቸው መኪና በሸዋሮቢት በኩል ሲያልፍ አየሁት። እጁን አነሣልኝ። ወደ ሰሜን ሄዱ።

ለእናቴ እውነቱን የሚነግራት ሰው ጠፋ። ለሥራ ካራቆሬ ሄዷል አልናት። ሰንበት ሲል ትጠይቃለች።

«ካራቆሬ ምን ሩቅ ነው? ለጁምዓ እንኳ ለምን አይመጣም?»

አባቴ ሥራ በዝቶበት ነው ይላታል። ከዚያ ውጭ ይወጣና ለረጅም ጊዜ አይመለስም። ሳታምነን የቀረች ይመስለኛል፤ ወደ መጨረሻው ላይ መጠየቋን ተወችው። ክረምቱ አልፎ ወባ በሚነሣበት በመስከረም ወር አረፈች፤ አላህ ይርሐማት። ከአዲሱ ሰፈር ጫፍ፣ ገና ጥቂት ሰው ብቻ በተቀበረበት ቦታ ቀበርናት። ለጀናዛው ከዚያ ሰፈር ያልመጣ ሰው አልነበረም።

ከእሷ በኋላ ሰው በየጓሮው ትንንሽ በር መክፈት ጀመረ። አንዱ ለንፋስ፣ አንዱ ለሚስቱ መውጫ፣ አንዱም እንዲሁ። አዲሱ ሊቀመንበር አላየሁም ብሎ ያልፋል። ክሊኒኩም ቧንቧውም አልመጡም።

ጥቂት ዓመታት አልፈው መንግሥት ሐሳቡን ለወጠና የፈለገ ወደ ቀድሞ ቀየው መመለስ ይችላል ተባለ። የመኸር እህል እንኳ ሳይገባ ሰው ማፍረስ ጀመረ። ያን ጊዜ ማንም አላዘዘም፣ ማንም አላስቆመም። ክዳኖቹ እንደገና በትከሻ ላይ ሆነው በመጡበት መንገድ ተመለሱ። እኔ አባቴን ላግዝ ብዬ መጣሁ፤ የምሰሶውን ጉድጓድ ሲቆፍር አገኘዋለሁ ብዬ ነበር። ማሾ እየለቀመ አገኘሁት።

ሁሉም ሲሄዱ አንተ ብቻህን ምን ትሠራለህ አልኩት። ሸዋሮቢት ከኔ ጋር እንዲኖር ለመንኩት፤ ካልሆነም ድሮ ቦታችን ላይ ቤቱን እንሥራልህ አልኩት። በትእዛዝ የተሰጠውን ሰፈር እንዲያ ታግሎ ያልወደደ ሰው፣ አሁን ማንም ሳያስገድደው ለምን እዚያ እንደሚቀመጥ አልገባኝም ነበር።

«እሷን ለማን ትቻት?» አለኝ። ወደ ማሾው ጎንበስ እንዳለም «ልጁስ ቢመለስ? ትቶን የሄደው እዚህ ነው» አለ።

ቀረ። ሰፈሩ ባዶ ሆኖ፣ ሣር የምሰሶ ጉድጓዶቹን ሲሸፍናቸው የሱ ቤት ብቻ ቆሞ ነበር። እረኞች ሲያልፉ ሰላም ይሉታል፤ በወር በወሩ እኔ ስኳርና ጋዝ ይዤለት እመጣለሁ።

መንግሥቱ የወደቀ ጊዜ ወታደሮች በእግራቸው ከሰሜን መምጣት ጀመሩ። በሸዋሮቢት ዋናው መንገድ ቀኑን ሙሉ ያልፋሉ፤ ጫማ የሌላቸው፣ የቆሰሉ፣ ዳቦ የሚለምኑ። የከተማው ሴቶች በየደጁ ውሃ በእንስራ አወጡላቸው። አባቴ ወሬውን ሰምቶ ብቻውን በእግሩ መጣ። ኬላው ላይ ሰው አልነበረም፤ ማንም አላስቆመውም። በራችን ላይ በርጩማ አውጥቼለት ተቀመጠ። እኔ ውሃ እሰጣለሁ፤ እሱ ፊት ፊታቸውን ያያል። አንዳንዱን ያስቆምና የየት አገር ልጅ እንደሆነ፣ ከይፋት የመጣ፣ ግንባሩ ላይ ጠባሳ ያለው ሰው ያውቅ እንደሆነ ይጠይቃል። አያውቁም። አንዱ ብቻ ትንሽ አሰብ አድርጎ፣ እንዲህ ያለ ሰው አይቼ ነበር፣ ግን ቦታውን ረሳሁት አለው።

ወታደሮቹ እስኪያልቁ ድረስ እኔ ዘንድ ሰነበተ። መንገዱ ጭር ያለ ቀን ተነሣ። ተው ሰንብት አልኩት። ፍየሎቹ ብቻቸውን ናቸው አለኝና ሄደ።